በጅማ ዙሪያ ለቆቅና ለጅግራ አደን ቀላል ሾትገን እንዴት ይመረጣል?

ለወፍ አደን ጠመንጃ ለመምረጥ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይበልጥ ኃይለኛ ነው?» ብሎ ነው። በጅማ ዙሪያ ግን ቆቅ ከቡና ጥላ ሥር ቡር ብላ ስትነሣ በአዳኙና በእርሷ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሜትር ቢሆን ነው፤ ከዋንዛው ወይም ከብሳናው ጀርባ እስክትሰወር የሚቀረው ጊዜም ከሁለት ሰከንድ እምብዛም አይዘልም። በዚህ ርቀትና በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያስፈልገው ቶሎ ወደ ትከሻ የሚወጣ፣ ቀኑን ሙሉ በዳገት ሲሸከሙት የማያዝል፣ አረሩንም እኩል የሚበትን ጠመንጃ ነው። ይህ መመሪያ አነስተኛ አፈሙዝ ካላቸው የሾትገን ዓይነቶች መካከል ለአካባቢያችን መልክዓ ምድር የሚስማማውን በቅደም ተከተል ለመምረጥ የተዘጋጀ ነው።

ሾትገን እንደ ምንሽር ወይም እንደ ክላሽ አንድ እርሳስ ወደ አንድ ነጥብ የሚልክ መሣሪያ አይደለም። ገበሬ ጤፍ ሲዘራ ከእጁ እንደሚበትነው ሁሉ፣ በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን አረሮችን የሚበትን፣ የበርሜሉም ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር የሌለበት ልሙጥ የሆነ የአደን ጠመንጃ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ጠባዩ የሚመነጭ ነው።

አንደኛ፦ ከጠመንጃው በፊት ሁለቱ ፈቃዶች

በኢትዮጵያ ጠመንጃ መያዝና የዱር እንስሳ ማደን ሁለት የተለያዩ ፈቃዶችን የሚጠይቁ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና እርሱን ተከትሎ በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163/2000 ሥር ይወድቃል። የጠመንጃ ፈቃድ የአደን ፈቃድን አይተካም፤ «ወፏ በማሳዬ ላይ ነበረች» የሚል ምክንያትም ሁለቱንም አይተካም።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የትኛው ወፍ፣ በየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ወቅትና በምን ያህል ቁጥር እንደሚፈቀድልዎ ሥልጣን ካለው አካል ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ይህ ቅደም ተከተል ቢሮክራሲ ለማብዛት የታሰበ አይደለም፤ የሚፈቀድልዎ ወፍ ምን እንደሆነ ሳያውቁ የጠመንጃውን መጠን መወሰን ስለማይቻል ነው። ከጅማ በስተ ምዕራብ ያለው የበለጠ-ጌራ ደን ወፍ የሞላበት ቢሆንም፣ በመንግሥትና በአካባቢው ማኅበረሰብ የሚጠበቅ ደን እንጂ ማንም ጠመንጃ አንግቦ የሚገባበት ሜዳ አይደለም። ፈቃድ ባለበት ቦታም ቢሆን ለቀበሌው አስተዳደርና ለአካባቢው ሽማግሌዎች አስቀድሞ ማሳወቅ የግድ ነው፤ ጠመንጃ የያዘ እንግዳ ሰው ከቡና ማሳ ውስጥ ድንገት ሲወጣ ማየት ማንንም ያስደነግጣል።

በነገራችን ላይ፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ አንዲት የቆቅ ዝርያ አለች፤ በአባይ ሸለቆና በሰሜን ሸዋ ባለው የጀማ ወንዝ ሸለቆ ትኖራለች። ጀማና ጅማ በስም ስለሚቀራረቡ ስለ እርሷ የተጻፈውን ያነበበ ሰው እኛ ዘንድ ያለች ሊመስለው ይችላል፤ ወፏ የዚያ ናት፣ ቁጥሯም የሚያሳስብ ስለሆነ ለአደን የምትታሰብ አይደለችም።

ሁለተኛ፦ ወፏንና ርቀቷን መለካት

በጅማ ዙሪያ ስለ ወፍ አደን ሲነሣ በዋነኝነት የሚታሰቡት ቆቅ፣ ጅግራና የርግብ ወገኖች ናቸው። ሦስቱም የተለያየ ጠመንጃ የሚጠይቁ ይመስላሉ፤ እውነቱ ግን ሁለቱ በአንድ ይታቀፋሉ፣ አንዷ ብቻ ታስቸግራለች።

ቆቅ በደን ጠርዝ፣ በቡና ሥርና በማሳ ዳር ትውላለች። «እንደ ቆቅ ንቁ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው ሲቀርባት መጀመሪያ ትሸሸጋለች ወይም በእግሯ ትሮጣለች፣ ከዚያም ከአጠገብ ቡር ብላ ትነሣለች። ክብደቷ እንደ ዝርያዋ ከግማሽ ኪሎ አንሥቶ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። የምትመታው በአጭር ርቀት በመሆኑ ብዙ ባሩድ አትጠይቅም፤ እንዲያውም ከባድ ጥይት በ15 ሜትር ላይ ሥጋዋን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

ጅግራ ሌላ ነገር ናት። ወደ ጎጀብና ወደ ግቤ ሸለቆዎች በሚወርደው ቆላማ፣ ሣርና ቁጥቋጦ በበዛበት መሬት በመንጋ ትሰማራለች፤ ክብደቷ 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፣ ላባዋም ጥቅጥቅ ያለ ነው። መሮጥ ትወዳለች፤ ስትነሣም ብዙ ጊዜ ከ30 ሜትር ወዲያ ሆና ነው። ትንሽ አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ ወሰኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ርግብና ዋኖስ ቀላል ወፎች ናቸው፤ ጥቂት አረር ይበቃቸዋል። ፈጣን ስለሆኑ ችግሩ የተኳሹ እንጂ የጠመንጃው አይደለም።

እንግዲህ ወረቀት ይያዙና በሚሄዱበት ቦታ ለሁለትና ለሦስት ቀን ያለ ጠመንጃ ይመላለሱ። ወፎቹ በተነሡ ቁጥር ከቆሙበት እስከ ተነሡበት ቦታ ያለውን በእርምጃ እየለኩ ይመዝግቡ። ከአሥሩ ስምንቱ ከ30 ሜትር በታች ከሆኑ ትንሹ ጠመንጃ ይበቃዎታል። ይህን ምዝገባ የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ከማንኛውም ሻጭ ምክር ግን የሚበልጠው ይህ ነው።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ መረዳት

የሾትገን መጠን የሚነገረው በ«ጌጅ» ሲሆን ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ ያንሳል። ምክንያቱ አሮጌ ልኬት ነው፦ የበርሜሉን ውስጥ ልክ የሚሞሉ ድቡልቡል እርሳሶች ስንቱ ቢደመሩ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 453.6 ግራም፣ ይመዝናሉ? አሥራ ሁለቱ ከሞሉት ጠመንጃው ባለ 12 ጌጅ ነው፤ ሃያ ካስፈለጉ እርሳሶቹ ያነሱ በመሆናቸው አፈሙዙም ያንሳል። በሚሊ ሜትር ሲታይ 12 ጌጅ 18.5፣ 16 ጌጅ 16.8፣ 20 ጌጅ 15.6፣ 28 ጌጅ ደግሞ 14 ገደማ ስፋት አላቸው። ከዚህ ሥርዓት የወጣው .410 የተባለው ነው፤ የእርሱ ቁጥር በቀጥታ የአፈሙዙ ስፋት በኢንች የተለካ ሲሆን ወደ 10.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

እያንዳንዱ የሚሸከመው የአረር ጭነትም ይለያያል። 12 ጌጅ በተለምዶ ከ28 እስከ 36 ግራም፣ 20 ጌጅ 25 ወይም 28 ግራም፣ 28 ጌጅ 21 ግራም፣ .410 ደግሞ በአጭሩ ጥይት 14፣ በረጅሙ 19 ግራም ተኩል ገደማ ይይዛል። አረሮቹ ከአፈሙዝ ሲወጡ የሚኖራቸው ፍጥነት በሁሉም ዘንድ ተቀራራቢ ነው፤ በሰከንድ 360 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ከትንሹ ጠመንጃ የወጣ አንድ አረር ከትልቁ ከወጣው እኩያው ያነሰ ጉልበት የለውም። የሚያንሰው ብዛቱ ነው። ይህን ነጥብ ያልያዘ ሰው «ትንሹ ጠመንጃ አይገድልም» ይላል፤ የያዘው ግን «ትንሹ ጠመንጃ በሩቅ ክፍተት ይበዛበታል» ይላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

አራተኛ፦ ጥይቱን ከጠመንጃው አስቀድሞ መፈለግ

በዓለም ገበያ በብዛት የሚሠራው የ12 ጌጅ ጥይት ነው፤ 20 ጌጅ ሁለተኛ ሆኖ ይከተላል። የ28 ጌጅና የ.410 ጥይት ብዙም አይገኝም፣ በተገኘም ጊዜ አረሩ አንሶ ዋጋው ይበልጣል። ከጅማ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ፈቃድ ያለው ሻጭ ዘንድ የሚደርስ ሰው ይህን ሳያጣራ ጠመንጃ መግዛት የለበትም። አንድ የቅርብ ወዳጄ የ28 ጌጅ ጠመንጃ በውበቱ ተማርኮ ከሁለት ፓኬት ጥይት ጋር ወሰደ፤ ሁለቱ ፓኬቶች በሁለት ወር አለቁ፣ ጠመንጃውም ከዚያ ወዲህ በቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ ማለት እንዲህ ነው።

የሚጠየቀው «ጥይት አለ?» ተብሎ ብቻ መሆን የለበትም። የጥይቱ ርዝመት ስንት ነው፣ የአረሩ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ያንን ጌጅ ይተዉት።

አምስተኛ፦ ከትንንሾቹ መካከል መምረጥ

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ በጅማ ዙሪያ አንድ ጠመንጃ ብቻ ለሚይዝ ሰው 20 ጌጅ ይሻላል። በ25 ግራም ጭነት ለቆቅ ከበቂ በላይ ነው፤ በ28 ግራም ደግሞ የጅግራን መንጋ እስከ 35 ሜትር በልበ ሙሉነት ይደርሳል። ክብደቱ በአብዛኛው ከ2.6 እስከ 3 ኪሎ ግራም ባለው መካከል ሲሆን፣ የተለመደው 12 ጌጅ ግን ከ3 እስከ 3.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ በሱቅ ውስጥ ምንም አይመስልም። እኔ ግን የተዋስኩትን 12 ጌጅ ይዤ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን በዳገት ከተጓዝኩ በኋላ የተነሣችልኝን ብቸኛ ቆቅ ስቼ የተመለስኩበት ቀን አለ፤ ክንዴ ስለ ዛለ ጠመንጃው ትከሻዬ ላይ የደረሰው ወፏ ከሾላው ጀርባ ከገባች በኋላ ነበር።

28 ጌጅ ለቆቅ ብቻ ለሚያድን፣ ልምድ ላለውና የጥይት ምንጩን ላረጋገጠ ሰው እጅግ ደስ የሚል መሣሪያ ነው። በ21 ግራም ጭነቱ ብትንትኑ እኩል ነው፣ ትከሻንም አይጎዳም። ከ30 ሜትር በላይ ለጅግራ ግን አይመከርም።

.410ን በተመለከተ ሥር የሰደደ ስሕተት አለ። ትንሽና ቀላል ስለሆነ «ለጀማሪ ይሁን» ይባላል፤ ይህ ፍጹም የተገላቢጦሽ ነው። ስሌቱን እንመልከት። ስፋቱ 2.8 ሚሊ ሜትር የሆነ የእርሳስ አረር በ28 ግራም ውስጥ 225 ያህል ይገባል። ስለዚህ የ20 ጌጅ 25 ግራም ጭነት 200 ገደማ አረር ሲይዝ፣ የ.410 አጭር ጥይት 112 ብቻ ይይዛል። በ36 ሜትር ተኩል ላይ ከመቶ 60 እጁ 76 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ቢያርፍ፣ በመጀመሪያው 120 በሁለተኛው 67 አረር ይገኛል። በክቡ ስፋት ላይ ሲካፈል 20 ጌጁ ጎኑ 6 ሳንቲ ሜትር በሆነ በእያንዳንዱ ካሬ አንድ አረር ሲያስቀምጥ .410 ጎኑ 8 ሳንቲ ሜትር በሆነው ያስቀምጣል። በዚህ ክፍተት መካከል ወፏ ቆስላ ታመልጣለች፤ ጫካ ገብታም ትሞታለች። .410 ርቀትን በዓይኑ የሚለካ፣ ከ20 ሜትር በላይ የማይተኩስና እጁን ማስቆም የሚችል የተካነ ሰው መሣሪያ ነው።

16 ጌጅ በቀድሞ ዘመን ከአውሮፓ ከመጡ አሮጌ ጠመንጃዎች መካከል አልፎ አልፎ ይታያል። ለወፍ በጣም ጥሩ መጠን ነው፤ ጥይቱ ካልተገኘ ግን ጌጥ ነው።

ስድስተኛ፦ ክብደትና ጭነት እንዲመጣጠኑ ማድረግ

ቀላል ጠመንጃ ሁሉ ጥሩ አይደለም። የቀድሞ ጠመንጃ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ስሌት አለ፦ ጠመንጃው ከሚተኮሰው የአረር ጭነት ቢያንስ 96 እጥፍ ይመዝን ይላሉ። በዚህ መሠረት 25 ግራም ለሚተኩስ 2.4 ኪሎ ግራም፣ 28 ግራም ለሚተኩስ 2.7 ኪሎ ግራም፣ 32 ግራም ለሚተኩስ ደግሞ 3.1 ኪሎ ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ሲሆን ጠመንጃው ትከሻንና ጉንጭን ይመታል፤ ተኳሹም ሳያውቀው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል። 2.4 ኪሎ የሚመዝን 20 ጌጅ ገዝተው «ጉልበት እንዲኖረው» 76 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ከባድ ጥይት የሚሞሉ ሰዎች የቀላል ጠመንጃን ጥቅም በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ። ከባድ ጭነት ካስፈለገ 12 ጌጅ መያዝ ይቀላል።

ሰባተኛ፦ የአሠራሩ ዓይነት

ከመሐል የሚታጠፍ ባለ ሁለት በርሜል ጠመንጃ ይምረጡ፤ በርሜሎቹ ጎን ለጎን ወይም ላይና ታች መሆናቸው የምርጫ ጉዳይ ነው። ዋናው ጥቅሙ ከተከፈተ በኋላ ባዶ መሆኑን አብረውዎ ያሉት ሁሉ ከሩቅ ማየታቸው ነው። ቦይ ሲዘሉ፣ አጥር ሲያልፉ፣ የቡና ለቃሚዎች ሲያገኙ ከፍቶ በክንድ ላይ ማንጠልጠል ይቻላል። ራሱ የሚያጎርሰውና በእጅ የሚጎተተው ዓይነት ሦስተኛ ተኩስ ይጨምራል፤ በቡና ጥላ ሥር ግን ሦስተኛ ተኩስ የሚተኮስባት ወፍ አትገኝም። የበርሜል ርዝመት ከ66 እስከ 71 ሳንቲ ሜትር ያለው ለሁሉም ይበቃል።

ስምንተኛ፦ የአፈሙዝ ጥበትና የአረር መጠን

በበርሜሉ ጫፍ ላይ ያለው መጥበብ «ቾክ» ይባላል። ሥራው በቧንቧ ጫፍ ላይ ጣት ሲደረግ ውኃው እንደሚሰበሰበው ነው። በ36 ሜትር ተኩል ርቀት፣ 76 ሳንቲ ሜትር በሆነው ክብ ውስጥ የሚያርፈው የአረር መጠን ምንም ጥበት በሌለው ልቅ አፈሙዝ ከመቶ 40፣ በአነስተኛው ጥበት 50፣ በመካከለኛው 60፣ በሙሉው 70 ገደማ ነው።

ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች በሁለቱም በርሜል ከመካከለኛ እስከ ሙሉ ጥበት አላቸው፤ ሻጩም «ሩቅ ይመታል» እያለ ይህን እንደ ጥቅም ያቀርበዋል። ለ15 ሜትር ቆቅ ግን ይህ ጉዳት ነው፤ አረሩ ሳይበተን አንድ ላይ ስለሚደርስ ወይ ይስታታል ወይ ያደቃታል። ለቡና ጥላ ሥር አደን የመጀመሪያው በርሜል ልቅ ወይም አነስተኛ ጥበት ያለው፣ ሁለተኛው መካከለኛ ቢሆን ይመረጣል። ለጎጀብ ሸለቆ ጅግራ የመጀመሪያውን መካከለኛ፣ ሁለተኛውን ከዚያ የጠበቀ ማድረግ ይቻላል። ቾኩ የሚፈታና የሚቀየር ከሆነ ይህ ሁሉ በአንድ ጠመንጃ ይሠራል፤ ሲገዙ ለቾኩ ተጨማሪ መክፈል ያዋጣል።

የአረር መጠን ሲመርጡ በጥይቱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይመኑ። «6 ቁጥር» የሚለው በአሜሪካ ጥይት 2.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን በእንግሊዝ ጥይት 2.6 ነው፤ ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። ስለዚህ ሚሊ ሜትሩን ያንብቡ። ለርግብና ለአነስተኛ ቆቅ 2.4፣ ለትልልቅ ቆቅ ከ2.6 እስከ 2.8፣ ለጅግራ ከ2.8 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ተስማሚ ነው። በ28 ጌጅ ከ2.8 በላይ ከወጡ የአረሩ ቁጥር ስለሚያንስ ክፍተቱ ይሰፋል።

እርሳስ መርዛማ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በቦዬ ዓይነት ረግረግ መሬት ላይ የወደቀውን አረር ወፎች ጠጠር መስሏቸው ይውጡትና ይመረዛሉ፤ አሜሪካ ለዳክዬና ለዝይ አደን እርሳስን እ.ኤ.አ. በ1991 የከለከለችው፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2023 ጀምሮ በረግረግ መሬቶች ያገደው ለዚህ ነው። የብረት አረር አማራጭ ነው፤ ከእርሳስ ቀላል ስለሆነ ግን በሁለት መጠን ከፍ ማለት ያስፈልጋል፣ ለብረት ባልተሠሩ አሮጌና ጠባብ አፈሙዞች ውስጥም ፈጽሞ መተኮስ የለበትም። በእርሳስ የተመታችን ወፍ ሲያበስሉ ደግሞ የአረሩን መንገድ ተከትለው በዙሪያው ያለውን ሥጋ ቆርጠው ይጣሉ።

ዘጠነኛ፦ ከሰውነት ጋር ማስማማት

ሾትገን አይነጣጠርም፤ ዓይን ወደ ወፏ ሲያይ ጠመንጃው ዓይንን ይከተላል። ስለዚህ ሰደፉ ካልተስማማ ጌጁ ምንም ቢሆን ዋጋ የለውም። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ካረጋገጡ በኋላ በግድግዳ ላይ ያለ አንድ ነጥብ ይዩ፤ ዓይንዎን ጨፍነው ጠመንጃውን ወደ ትከሻ ያውጡ፣ ጉንጭዎን ሰደፉ ላይ ያሳርፉ፣ ከዚያ ዓይንዎን ይክፈቱ። በበርሜሉ ላይ ቀጥ ብለው የሚያዩና ጫፉ ወደ ነጥቡ የሚያመለክት ከሆነ ተስማምቷል። የበርሜሉ ጀርባ ብቻ ከታየ ሰደፉ ዝቅ ብሏል፤ በርሜሉ ከላይ እስከ ታች ሰፍቶ ከታየ ከፍ ብሏል። በአፍንጫዎና በቀኝ አውራ ጣትዎ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት ይኑር።

በፋብሪካ የሚሠራው የተለመደ የሰደፍ ርዝመት፣ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ፣ 36 ሳንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ቁመቱ አጠር ላለ ሰው ይህ ይረዝማል፤ በክረምት ወፍራም ጃኬት ሲደረብበት ደግሞ ይብሳል። እንጨት ማሳጠር ለጥሩ አናጺ ቀላል ሥራ ሲሆን መልሶ ማስረዘም ግን አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሦስት ጊዜ ሳይለኩ አያስቆርጡ።

ዐሥረኛ፦ ያገለገለ ጠመንጃ ሲመረምሩ

በእጅ የሚገባው ብዙ ጊዜ አሮጌ ጠመንጃ ነው። መጀመሪያ የተከታታይ ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ፤ ካልተመሳሰለ ወሬውን እዚያው ያቁሙ።

ቀጥሎ ጠመንጃውን ከፍተው በርሜሎቹን ይፍቱ፣ ከታች በኩል ያሉትን ማኅተሞችም ያንብቡ። ሊዬዥ የተፈተነ የቤልጂግ ጠመንጃ በሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፉ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉት፤ የጣልያኑ ደግሞ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈተነበትን ዓመት በትንሽ ሣጥን ውስጥ በተጻፉ ሁለት ፊደላት ያሳያል። ይበልጥ የሚያስፈልግዎ «20/70» ወይም «20/76» የሚለው ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ጌጁ ሲሆን ሁለተኛው የጥይት ማጉረሻው ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። በአሮጌዎቹ ላይ 65 የሚልም ይገኛል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ በጥይቱ ላይ የተጻፈው ርዝመት ቀለሁ ከተተኮሰና አፉ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ 76 ሚሊ ሜትር ጥይት ሳይተኮስ በ70 ማጉረሻ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የቀለሁ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ስለሚያጣ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። «ገብቷል፣ እንግዲህ ልኩ ነው» ማለት አይቻልም።

ከዚያ በርሜሎቹን በጣት አንጠልጥለው በእንጨት መታ ያድርጓቸው። እንደ ደወል ከጮኹ ደህና ናቸው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጡ ብየዳቸው ለቋል። ወደ ብርሃን አዙረው በውስጣቸው ሲያዩ ጥላው ቀለበት ሠርቶ ከተሰበረ ጎድጓዳ ወይም ያበጠ ቦታ አለ። ገጻቸው ላይ እንደ ጥልፍ የተጠማዘዘ መስመር የሚታይባቸው በርሜሎች ከብረት ዘንጎች ተጠምዝዘው የተበየዱ የድሮ ሥራዎች ስለሆኑ፣ ምንም ቢያምሩ ዘመናዊ ጥይት አይጎረስባቸውም። በመጨረሻ በርሜሎቹን መልሰው ገጥመው ጠመንጃውን ዘግተው ወደ ጎን ያናውጡት፤ ከተንቀጠቀጠ መቆለፊያው አልቋል።

አንድ አደጋ ለብቻው መነገር አለበት። ባለ 20 ጌጅ የሚይዝ ሰው ባለ 12 ከሚይዝ ጓደኛው ጋር ጥይት በአንድ ከረጢት ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም። የ20 ጌጅ ጥይት በ12 ጌጅ ማጉረሻ ውስጥ ሲገባ ወደ ፊት ተንሸራቶ በበርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ማጉረሻው ባዶ ስለሚመስልም ሰውዬው በላዩ የ12 ጥይት ይጨምራል። ሲተኩስ በርሜሉ በግራ እጁ አጠገብ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ጥይት በአብዛኛው ቢጫ ቀለም እንዲኖረው የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። የ28 ጌጅ ጥይትም በ20 ጌጅ ውስጥ ይህንኑ ያደርጋል። ዝናርዎን ከመታጠቅዎ በፊት እያንዳንዱን ጥይት በዓይንዎ ይለፉበት።

ዐሥራ አንደኛ፦ በካርቶን ላይ መሞከር

ከመግዛትዎ በፊት ከተፈቀደልዎ፣ ካልሆነም እንደ ገዙ፣ ተኩስ በሚፈቀድበት ቦታ ከበስተጀርባው ከፍ ያለ የአፈር ግድብ ይምረጡ። እነዚህ ጥቃቅን አረሮች ከ200 ሜትር በላይ ሊጓዙ ስለሚችሉ ከጀርባ ቤት፣ መንገድ ወይም የከብት መስክ መኖር የለበትም። ሜትር በሜትር የሆነ ካርቶን ዘርግተው መሐሉ ላይ ነጥብ ያድርጉና መጀመሪያ በ20፣ ቀጥሎ በ30 ሜትር ይተኩሱ። በእያንዳንዱ ርቀት በአዲስ ካርቶን ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መደገም አለበት፤ አንድ ተኩስ ምንም አይናገርም።

አረሩ በብዛት ባረፈበት ዙሪያ 76 ሳንቲ ሜትር ክብ ይሥሩ። ከወረቀት የተቆረጠ የቆቅ አካል፣ ያለ ክንፍና ያለ ጅራት፣ ይዘው በክቡ ላይ እያንቀሳቀሱ ይመልከቱ። ቢያንስ አራት ወይም አምስት አረር የማያገኝበት ቦታ ከበዛ፣ ያ ርቀት ለዚያ ጥይትና ለዚያ ቾክ ወሰን አልፏል ማለት ነው። መጀመሪያ የአረሩን መጠን በአንድ ደረጃ አሳንሰው ይድገሙት፤ ካልተሻለ ቾኩን ያጥብቁ፤ ያም ካልሠራ ርቀቱን ያሳጥሩ። ባገኙት ርቀት ላይ አንድ ዛፍ ምልክት አድርገው ዓይንዎ እስኪለምደው ደጋግመው ይዩት፤ ከዚያ ወዲያ የተነሣችን ወፍ ዝም ብሎ ማሳለፍ የሚቻለው ርቀቱ በዓይን ሲታወቅ ነው። በጅማ አብረን የምንወጣው ክርስቲያንም ሙስሊምም በመሆናችን ወፏን ማን እንደሚያርዳት ከቤት ሳንወጣ እንነጋገራለን፤ በሕይወት ሳለች ደርሶ ማረድ የሚቻለውም በቅርብ የተተኮሰች እንደሆነ ብቻ ነው።

ጠመንጃው ከተመረጠ በኋላ የጅማ ዝናብ ቀዳሚ ጠላቱ ይሆናል። ከእርጥብ ሣር የተመለሰ መሣሪያ በዚያው ዕለት ተፈትቶ መድረቅና በስሱ ዘይት መታሸት ይኖርበታል። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ዘግተው አያስቀምጡት፤ ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ በአንድ ክረምት በርሜሉን በዝገት ይበላዋል። በሚቆለፍ ደረቅ ሣጥን ውስጥ፣ ጥይቱን በሌላ ቁልፍ ለብቻው አድርገው፣ አፈሙዙን ወደ ታች አዙረው ያቁሙት፤ ትርፉ ዘይት ወደ ሰደፉ እንጨት ሳይወርድ በአፈሙዙ በኩል ይንጠባጠባል።